የቆላው የወተት ላም፦ ከቡታና ሜዳ እስከ ማኅበረ ሥላሴ ገዳም

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው የአበው ብሂል የማይጨበጥ ተስፋን ለመግለጽ የሚነገር ነው። ይሁን እንጂ በሱዳንና በኢትዮጵያ ጠረፍ ቆላ ብሂሉ ከምሳሌነት አልፎ ቃል በቃል እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚያልፍበት፣ ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ዋልካው የሰውንም የከብትንም እግር በሚይዝበት በባሱንዳ አካባቢ፣ በቀን ሃያና ሠላሳ ሊትር ትታለባለች የምትባለው የፈረንጅ ላም ለአብዛኛው አርቢ የሰማይ ላም ናት። ዝናዋ ይሰማል፤ ወተቷ ግን አይታይም። በአንጻሩ በዚያው ምድር ላይ ሙቀቱን ችላ፣ ረጅሙን መንገድ ተጉዛ፣ በደረቁ ወራትም ጥቂት ወተት ሳትነፍግ የኖረች ሌላ ላም አለች። ከዚህ ቀጥሎ የሚተረከው የዚህችኛዋ ታሪክ ነው።

ስለ ወተት ከብት እርባታ ሲነገር ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከባሕር ማዶ ከመጣ ኮርማ ነው። የጠረፉ ቆላ ታሪክ ግን የሚጀምረው ከብቱ በየዓመቱ ከሚሄድበትና ከሚመለስበት መንገድ ነው። የዚህን አገር ላም አሁን ያላትን ጠባይ ያስያዛት ይህ መንገድ ነው። ዛሬ በእርሷ ላይ ያንዣበበው ትልቁ ስጋትም ከመንገዱ መዘጋት የመጣ ነው።

ዝንብና ዋልካ የሚያሰድዱት ከብት

ባሱንዳ የሚገኘው በገዳሪፍ ግዛት ከኢትዮጵያ ጋር በሚዋሰነው ክፍል ነው። በዚህ ቆላ የሚያልፉት ወንዞች ሁለት ሁለት ስም አላቸው። ራሃድ ከጠረፉ ማዶ ሽንፋ ይባላል። አትባራ ከጎንደር በስተምዕራብ ሲነሣ ጓንግ ነው። ተከዜም ሱዳን ሲገባ ሰቲት ይሆናል። ወንዞቹ እንዲህ ስማቸውን እየለወጡ እንደሚያልፉ ሁሉ ከብቱም በሁለት ቋንቋ እየተጠራ፣ በሁለት ገበያ እየተሸጠ ኖሯል።

ክረምት በገባ ጊዜ አገሩ ለምለም ይሆናል፤ ሣሩም ከሰው ወገብ ያልፋል። እንግዳ ሰው ይህን አይቶ ከብቱ የጠገበበት ወቅት ነው ይል ይሆናል። አርቢው ግን የሚሸሸው ይህንኑ ወቅት ነው። ጥቁሩ ዋልካ ሲረጥብ ሰኮናን ይይዛል፣ ጣቶች መካከል ቁስል ያበዛል። ከሁሉም የሚከፋው ተናካሹ ዝንብ ነው። ዝንቡ ከብቱን ሣር አያስግጠውም፣ ወተቱን ያደርቀዋል፣ ከአንዱ ወደ ሌላውም በሽታ ያስተላልፋል። ገንዲ በመባል የሚታወቀው በሽታ የቆላ ዝንብ በሌለበት አካባቢ እንኳ በሌሎች ደም መጣጭ ዝንቦች አማካይነት ሊተላለፍ እንደሚችል የእንስሳት ሐኪሞች አረጋግጠዋል።

ስለዚህም አርቢዎቹ ዝናቡ እንደጀመረ ከብታቸውን እየነዱ ወደ ሰሜን፣ ወደ ቡታና ሜዳ ያቀናሉ። ቡታና በጥቁር ዓባይና በአትባራ ወንዝ መካከል የተዘረጋ፣ ዝናቡ አነስተኛ፣ ሣሩ አጭር ግን ለከብት የሚስማማ፣ ዝንብም የማይበዛበት ሜዳ ነው። ዝናቡ አብቅቶ በሜዳው ላይ ያቆረው ውኃ ሲደርቅ ደግሞ ወደ ደቡብ፣ ወደ ራሃድና ወደ ሰቲት ዳርቻዎች ይመለሳሉ። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1862 የአትባራንና የሰቲትን ወንዞች ተከትሎ በዚህ አገር ተዘዋውሯል፤ ገላባትም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1867 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ዝናብ ሲጀምር የሚነሣው ዝንብ አረቦቹን ከነከብታቸው ወደ ሰሜን እንዲሰደዱ እንደሚያስገድዳቸው ገልጿል። ዛሬም ድረስ የከብቱ ዑደት በመሠረቱ ይኸው ነው።

እንዲህ ያለው ሕይወት በላም ላይ የሚጥለው ፈተና ብዙ ነው። ረጅም መንገድ የማትችል ላም ከመንጋው ትቀራለች። ውኃ በየሰዓቱ የምትሻ ላም በጉድጓድና በጉድጓድ መካከል ትወድቃለች። ደረቅ ሣርና የማሽላ አገዳ በልታ የማትኖር ላም የሚቀጥለውን ዝናብ አታይም። እነዚህን ሁሉ አልፋ፣ ወልዳ፣ ጥጃዋን አሳድጋ፣ ከጥጃዋ ተርፎም ለቤተሰቡ የሚታለብ ወተት ያላት ላም ግን ዘሯ ይቀራል። ፈተናው በየዓመቱ ስለሚደጋገም የማበጠሩ ሥራ በየትውልዱ ተካሂዷል ማለት ነው።

የአንድ ቆላ ልጆች

ከዚህ ቆላና ከአጎራባቾቹ በወተታቸው ስም ያተረፉ ሦስት ዝርያዎች ወጥተዋል። የመጀመሪያው በሜዳው ስም የሚጠራው የቡታና ከብት ነው። መልኩ አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ነው። ሁለተኛው በጥቁርና በነጭ ዓባይ መካከል የሚረባው ከናና ነው። ከናና ሲያድግ ዳልቻ ይሁን እንጂ ጥጃው ሲወለድ ቀላ ያለ ሆኖ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው መልኩን የሚለውጠው። ሦስተኛው ከሁመራና ከወልቃይት ቆላ እስከ ምዕራብ ኤርትራ የሚገኘው በጋይት ነው። ይህ ዝርያ በኤርትራ በኩል ባርካ በሚለው ስም ይታወቃል፤ ብዙው ከብት ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡሬ ነው። ሦስቱም ሻኛ ያላቸው፣ ቆዳቸው የላላ፣ ጠጉራቸው አጭርና ለስላሳ የሆነ የቆላ ከብቶች ናቸው።

በእነዚህ መካከል ያለውን ወሰን እንደ አገር ድንበር አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ከብት በገበያ ይሸጣል፣ በጥሎሽ ይሰጣል፣ በርቢ ይተላለፋል፣ በዘረፋም ይነዳል። የገላባትና የመተማ ገበያ ለዘመናት የደጋውና የቆላው ሸቀጥ መገናኛ ሆኖ ሲኖር ከብቱም አብሮ ይገናኝ ነበር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 15 ቀን 1902 በዳግማዊ አጼ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመው ውል የኢትዮጵያና የሱዳን ወሰን ሲወሰን መስመሩ ያለፈው በዚሁ የግጦሽ ምድር ላይ ነው። ይሁንና የከብቱ ዘር መስመሩን አላወቀውም። በመተማና በቋራ ቆላ የሚገኘውና ሩታና ተብሎ የሚጠራው ከብት ከሱዳን በኩል እንደመጣ የሚነገርለት ነው።

ከሁሉም ይልቅ የሚያስደንቀው ግን በመተማ በኩል ባለው ቆላ የሚገኘው የማኅበረ ሥላሴ ገዳም ከብት ነው። ገዳሙ ምእመናን ከልዩ ልዩ ቦታ በስለትና በስጦታ የሚያመጧቸውን ከብቶች ሲቀበል ኖሯል። ከደጋ የመጣው ከቆላ ከመጣው ጋር በአንድ ሜዳ ተሰማርቶ፣ በአንድ ዝንብ ተነድፎ፣ በአንድ ሙቀት ተፈትኖ፣ የተረፈው እርስ በርሱ ተዋልዷል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ያሉትን የከብት ዝርያዎች የመረመሩ ባለሙያዎች ይህንን መንጋ ከፎገራና ከሌሎቹ ለይተው «የማኅበረ ሥላሴ ድብልቅ» በሚል ስም መዝግበውታል። የውጭ አገር ጣቢያዎች ብዙ ገንዘብ አውጥተው የሚሠሩትን ድብልቅ ዝርያ የመፍጠር ሥራ በዚህ ስፍራ የምእመናን ስጦታና የቆላው ተፈጥሮ ተባብረው ሠርተውታል።

ክፉ ቀን በጠረፉ

የጠረፉ ከብት ከጥንት ጀምሮ ሳይነካ የመጣ ንጹሕ ቅርስ ነው ብሎ ማሰብ አይገባም። ከአንድ መቶ ሠላሳ ዓመታት በፊት መንጋው ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 ኢጣሊያኖች ለሠራዊታቸው ቀለብ በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር እንደመጣ የሚታመነው ደስታ የተባለው የከብት ወረርሽኝ በአጭር ጊዜ ውስጥ አገሩን አዳረሰ። የታሪክ ጸሐፊዎች ግምት በኢትዮጵያ ከአሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ነው። በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ አልቻለም፤ ድርቅና አንበጣም ተጨመረበት። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ይህ ዘመን በሕዝቡ ዘንድ ክፉ ቀን ተብሎ ይታወሳል።

በጠረፉ ላይ መከራው ድርብ ነበር። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በመተማ በተደረገው ጦርነት አጼ ዮሐንስ አራተኛ ቆስለው በማግስቱ አረፉ። በሱዳን በኩልም ከመሐዲስቶቹ ጦርነት ጋር የተያያዘው ረሃብ በ1306 ዓመተ ሂጅራ ስለተከሠተ «ሰነት ሲታ»፣ ማለትም የስድስት ዓመት ተብሎ በሕዝቡ አእምሮ ቀርቷል። ጦር የሚያልፍበት አገር ከብቱ ለሁለቱም ወገን ስንቅ ይሆናል። በመሆኑም ገላባትና አካባቢው ሰውም ከብትም ርቆት ቆየ።

ዛሬ በአካባቢው የሚታየው መንጋ ከዚያ ጥፋት የተረፉት ጥቂቶች ልጅ ነው። መንጋውን መልሶ የተከለው የመንግሥት ጣቢያ አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ዘመን ጨርሶ አልነበረም። ከብት የተረፈለት ሰው ከብት ላለቀበት ዘመዱ ላም በርቢ እየሰጠ፣ የተወለደውን እየተካፈለ፣ ቀስ በቀስ መንጋው ተመለሰ። ደስታ ግን እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እየተመላለሰ አስቸግሯል። ዋልተር ፕሎራይት የተባለው የእንስሳት ሐኪም ኬንያ ውስጥ ሙጉጋ በሚገኘው ቤተ ሙከራ የሠራው ክትባት ለአርቢው ትልቅ እፎይታን አመጣ። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1976 በአፍሪካ አገሮች በጋራ የተካሄደው የክትባት ዘመቻ በሽታውን አዳከመው፤ እ.ኤ.አ. በ2011ም ደስታ ከምድር ገጽ መጥፋቱ በይፋ ታወጀ። ከሰው ልጅ ፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት ከዓለም የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ይህ ነው።

የእረኛው መዝገብ

የእረኛው እርባታ በወረቀት ላይ ያልሰፈረ በመሆኑ ብዙ ጊዜ እንደ እርባታ አይቆጠርም። ነገር ግን ሥርዓት አለው። አርቢው ኮርማ ሲመርጥ የሚመለከተው የኮርማውን ሻኛና ቁመና ብቻ አይደለም፤ እናቱ ስንት ታለበች፣ አያቱስ በክፉው ዓመት ምን ሆነች ብሎ ይጠይቃል። መልሱም በቃል ይገኛል፤ እያንዳንዷ ላም ስም አላት፣ ከስሟም ጋር የዘር ሐረጓ ይነገራል። ያልተመረጠው ወይፈን ይኮላሻል ወይም ለገበያ ይቀርባል። ይህ በየመንጋው የሚደረግ ሥራ ነው።

የመለኪያው ነገርም ልብ ሊባል ይገባዋል። በጣቢያ የምትኖር ላም የምትለካው በአንድ የአለባ ዘመን በሰጠችው ኪሎ ግራም ነው። እረኛው ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው። ላሟ በጥቅምት ብትታለብ አይደነቅም፤ ሣር በሞላበት ጊዜ ሁሉም ላም ትታለባለች። ጥያቄው በመጋቢትና በሚያዝያ ለልጆች የሚሆን አንድ ጮጮ ወተት አላት ወይ የሚለው ነው። ሌላው መለኪያ ጥጃዋ ነው። የቆላ ላም ጥጃዋ አጠገቧ ከሌለ ወተቷን በቀላሉ አትለቅም፤ አላቢውም ወተቱን ከእምቦሳው ጋር ይካፈላል እንጂ ግቱን አያደርቅም። ስለዚህ ጥጃ የሚሞትባት ላም ወተት ቢኖራትም ለአርቢው ጥሩ ላም አይደለችም።

ይህ መዝገብ አንድ ጉድለት አለው፤ የሚኖረው በሰዎች ትዝታ ውስጥ ብቻ ነው። ባለቤቱ ሲሰደድ፣ መንጋው ሲዘረፍ ወይም ልጁ ከብቱን ትቶ ወደ ከተማ ሲሄድ መዝገቡ አብሮ ይጠፋል።

ጣቢያዎቹና የወተት ሚዛኑ

በሱዳን በሃያኛው ክፍለ ዘመን የአገሩን የወተት ከብት በጣቢያ ሰብስቦ የማጥናት ሥራ ተጀመረ። ለቡታና ዝርያ አትባራ፣ ለከናና ደግሞ በስንጃ አቅራቢያ የሚገኘው ኡም በኒን የምርምር ጣቢያዎች ሆኑ። በእነዚህ ጣቢያዎች የተያዘው መዝገብ ያስገኘው እውቀት ከፍተኛ ነው። ተጨማሪ መኖ ያገኙ የቡታናና የከናና ላሞች በአንድ የአለባ ዘመን በአማካይ 1,500 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሰጡ፣ ከመካከላቸው ከዚህ እጅግ የሚበልጡም ተገኝተዋል። በኢትዮጵያ የአገሬው ላም በገበሬው ቤት የምትሰጠው በቀን በአማካይ ከአንድ ሊትር ተኩል የማይበልጥ መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። በአንጻሩ በኻርቱም ዙሪያ ያለው የወተት እርባታ ያዘነበለው የፍሪዥያንን ደም ከቡታናና ከከናና ጋር ወደ ማዳቀል ነው።

በኢትዮጵያ የዘመናዊ ወተት ሥራ መነሻ ተደርጎ የሚቆጠረው እ.ኤ.አ. 1947 ነው። በዚያ ዓመት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ድርጅት አማካይነት 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች ወደ አገሪቱ ገቡ። ቀጥሎም በአዲስ አበባ ሾላ የወተት ማቀነባበሪያ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1967 በአርሲ የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ለገበሬው ድቅል ጊደሮችን በማከፋፈል ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1981 ደግሞ በቃሊቲ የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከል ሥራ ጀመረ። እነዚህ ሁሉ በዋነኛነት ያገለገሉት ደጋውንና የከተማውን ዙሪያ ነው።

ሆኖም የቆላው ላም ፈጽማ አልተረሳችም። እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት በ1970ዎቹ በሆለታ፣ በባኮ፣ በአዳሚ ቱሉና በመልካ ወረር ባካሄደው የማዳቀል ጥናት ለእናትነት ከተመረጡት ሦስት የአገር ዝርያዎች አንዱ ባርካ፣ ማለትም በጋይት ነበር። ሌሎቹ ሁለቱ ቦረናና ሆሮ ናቸው። በእነዚህ ላይ የፍሪዥያን፣ የጀርሲና የሲመንታል ኮርማዎች ዘር ተጨመረ። ከጥናቱ የተገኘው ትምህርት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። የመጀመሪያው ትውልድ ድቅል ከእናቱ በብዙ እጥፍ ይታለባል። የፈረንጁ ደም እየበዛ ሲሄድ ግን ወተቱ በዚያው መጠን አይጨምርም። ድቅሎቹ እርስ በርሳቸው ሲዋለዱም የሚቀጥለው ትውልድ ወደ ኋላ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1964 በባሕር ዳር አቅራቢያ የተመሠረተው የአንዳሳ ጣቢያም የጣና ዳርን ርጥበትና ዝንብ የለመደውን የፎገራ ዝርያ ሲያጠናና ሲያረባ ቆይቷል።

ሙቀት ወተትን ለምን ይነሣል?

የፈረንጅ ላም ወደ ቆላ ስትወርድ ወተቷ የሚቀንሰው ምክንያቱ በሆዷ ውስጥ ነው። ላም መኖዋን በምታብላላበት ጊዜ ሆዷ ሙቀት ያመነጫል፤ ብዙ ወተት የምትሰጥ ላም ብዙ ስለምትበላ የምታመነጨው ሙቀትም ብዙ ነው። በቀዝቃዛ አገር ይህ ሙቀት በቀላሉ ይወጣላታል። አየሩ ራሱ ከሰውነቷ በሚሞቅበት አገር ግን መውጫ ያጣል። በዚህን ጊዜ ላሟ ታለከልካለች፣ መብላት ትቀንሳለች፣ ኮርማ መፈለግ ታቆማለች፣ ወተቷም ይወርዳል። ይህ ሁሉ መዥገሩና በሽታው ሳይታሰብ ነው።

ሻኛማዋ ላም በዚህ ረገድ የተሻለች ናት። የላብ ዕጢዎቿ በርካታና ትልልቅ ናቸው፤ የላላው ቆዳዋና አጭሩ ጠጉሯ ሙቀትን ለማስወጣት ይረዷታል፤ ሰውነቷም በዝግታ ስለሚሠራ የምታመነጨው ሙቀት አነስተኛ ነው። ነገር ግን ይህ ስጦታ ዋጋ አለው። በዝግታ የሚሠራ ሰውነት ወተቱንም በልክ ነው የሚሰጠው። ሙቀትን መቻልና ብዙ መታለብ በአንድ ላም ላይ እንዲገናኙ ማድረግ አስቸጋሪ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አስቸጋሪ ነው ማለት ግን የማይቻል ነው ማለት አይደለም። በካሪቢያን የምትገኘው ጃማይካ ይህን በተግባር አሳይታለች። ቶማስ ሌኪ የተባለው ጃማይካዊ የእርባታ ሊቅ የጀርሲን ዘር ከሕንድ ክፍለ አህጉር ከመጣው ሻኛማ የሳሂዋል ዘርና ከጥቂት ፍሪዥያን ጋር አዋሕዶ፣ መዝገብ እየያዘና እየመረጠ፣ «ጃማይካ ሆፕ» የተባለውን የወተት ዝርያ አወጣ። ዝርያው እ.ኤ.አ. በ1952 በይፋ ታወቀ። የሌኪ ሥራ ቁም ነገር ምርጫው የተካሄደው ላሞቹ በሚኖሩበት ሙቀትና በሚበሉት ሣር ላይ መሆኑ ነው። ኮርማው ከየትም ይምጣ፤ ልጆቹ የተመዘኑት በጃማይካ ፀሐይ ነው።

የጠረፉ እረኛ በቃል፣ የማኅበረ ሥላሴ መንጋም ሳይታሰብ ያደረጉት ከዚህ የተለየ አይደለም። የጎደላቸው የተጻፈ መዝገብና መንጋን ከመንጋ የሚያገናኝ ተቋም ነው። አትባራና ኡም በኒን በበኩላቸው መዝገቡ ነበራቸው፤ ነገር ግን የጣቢያ ላም ረጅሙን የቡታና መንገድ አትሄድም። ሁለቱ እውቀቶች በአንድ ቦታ ሳይገናኙ ቆዩ።

ማሽላው መንገዱን ሲዘጋው

በዚህ መካከል በገዳሪፍ ሌላ ታሪክ ይሠራ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1944 ጀምሮ የእንግሊዝ አስተዳደር ለሠራዊቱ የሚሆን ማሽላ ለማምረት በገዳሪፍ ሰሜን ጋደምባሊያ ላይ በትራክተር የሚታረስ ሰፊ እርሻ ጀመረ። ሱዳን ነጻ ከመውጣቷ ጥቂት ቀደም ብሎ ሥራው ለግል ባለሀብቶች ተከፈተ። ለአንድ ሰው የሚሰጠው 1,000 ፈዳን፣ ማለትም 420 ሄክታር የሚያህል መሬት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 የመካናይዝድ እርሻ ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሕግ ያልተመዘገበ መሬትን ሁሉ የመንግሥት አደረገ። በማግስቱ ዓመት ደግሞ የጎሣ መሪዎች አስተዳደር ሲፈርስ፣ ማን መቼ በየትኛው ሜዳ እንደሚያሰማራ ይወስን የነበረው የቆየ ሥርዓት ባለቤት አጣ።

እርሻው ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ወደ ዶካና ወደ ባሱንዳ እየሰፋ መጣ። ማሽላውና ሰሊጡ አገሩን የአገሪቱ ጎተራ አድርገውታል፤ ከሁለቱም አገር ለመጣ ለብዙ ሺህ የቀን ሠራተኛም እንጀራ ሆነዋል። ይህ ሊካድ አይገባም። ይሁን እንጂ ከብቱ ወደ ቡታና የሚሄድባቸው መንገዶች በየዓመቱ ጠበቡ። አርቢው በሁለት እርሻ መካከል ከብቱን ሲነዳ አንዲት ላም ወደ ቡቃያው ከገባች ጠብ ይነሣል፤ ክሱና ካሳውም ይከተላል። መንገዱን ፈርቶ በክረምት በዚያው የቀረው ደግሞ ከብቱን ለዝንቡና ለዋልካው አሳልፎ ሰጠ።

ከጠረፉ ማዶም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በሁመራ የሰሊጥና የማሽላ እርሻ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የበጋይቱን ግጦሽ ሲበላ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው የሰፈራ መርሐ ግብር ብዙ የደጋ ገበሬዎች ወደ መተማና ወደ ቋራ ሲወርዱ የለመዱት የእርሻ ሥራም አብሯቸው ወረደ። ወደ ጣና ሲዘለቅ ደግሞ የፎገራ ከብት ይውልበት የነበረው ረግረግ ለሩዝ እርሻ ሆኗል። በየስፍራው ሰብሉ ይለያይ እንጂ ከብቱ ያጣው ነገር አንድ ነው።

አዋቂዎች «ዝርያው እየጠፋ ነው» ሲሉ ብዙ ሰው የሚመስለው ከብቱ እየሞተ ነው ማለታቸው ነው። ነገሩ ከዚህ የረቀቀ ነው። መንገዱ ሲዘጋ ላሟ ወዲያው አትሞትም። በአንድ ቦታ ታስራ አገዳ እየበላች ልትኖር ትችላለች። ነገር ግን ጠንካራይቱን ከደካማይቱ ይለይ የነበረው ጉዞ ከቀረ፣ ከጥቂት ትውልድ በኋላ የቀድሞ ስሟን ብቻ ይዛ ጠባይዋን ያጣች ላም ትቀራለች። በዚህ ላይ ዘሩ ያልታወቀ ድቅል ኮርማ ቢጨመር ወደ ነበረችበት መመለስ አይቻልም።

በጦርነት ዘመን

ያለፉት ጥቂት ዓመታት ይህን ስጋት አባብሰውታል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ሲነሣ የበጋይት መኖሪያ የሆነው የተከዜ ቆላ ከጦር ሜዳዎቹ አንዱ ሆነ፤ አሥር ሺዎችም ወደ ሱዳን ተሻገሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 በባሱንዳ አካባቢ የሚገኘው የባብክሪ መጠለያ ከኢትዮጵያ የመጡ ስደተኞችን መቀበል ጀመረ። ብዙ ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ሱዳን ራሷ ወደ ጦርነት ገባች። የኻርቱም ዙሪያ የወተት እርባታ በውጊያ መካከል ወደቀ። እ.ኤ.አ. በጁን 2024 መጨረሻም ጦርነቱ ስንጃ ደረሰ፤ የሱዳን ጦር ከተማዋን መልሶ የያዘው በኖቬምበር ነበር። ለከናና ዝርያ የተቋቋመው ጣቢያ የሚገኘው በዚችው ከተማ አቅራቢያ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። የአንድ ዝርያ ምርጥ ዘር በአንድ አጥር ውስጥ ብቻ ሲቀመጥ አንድ የጦርነት ወቅት የብዙ ዓመታትን ድካም ሊያጠፋ ይችላል።

ከክፉ ቀን ታሪክ የሚገኘውም ትምህርት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በዚያ ዘመን መንጋው ሊመለስ የቻለው ዘሩ በብዙ እጅ ተበትኖ ስለነበር ነው። አንዱ ሲያልቅበት ሌላው በርቢ ይሰጠው ነበር። ተበትኖ የሚኖር መንጋ ግን መሄጃ ይፈልጋል። ስለዚህ በዚህ ቆላ የተሻለ የወተት ላም እንድትኖር የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ ሊያስብባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። አንደኛው የከብት መንገዶች በምልክት ተለይተው፣ ገበሬውም አርቢውም ተስማምቶባቸው እንዲከበሩ ነው። ሁለተኛው የእረኛው የቃል መዝገብ እረኛው በሕይወት ሳለ ወደ ጽሑፍ እንዲገባ፣ ኮርማም ከአርቢው መንጋ ውስጥ በመዝገብ እንዲመረጥ ነው። ሦስተኛው የፈረንጅ ዘር መጠቀም ካስፈለገ መኖና ውኃ ባለበት በከተማ ዙሪያ ተወስኖ፣ የመንጋውን እናት ዘር እንዳይውጥ ነው።

ለአንድ ቤተሰብ በሚያዝያ የሚገኘው አንድ ጮጮ ወተት በሂሳብ መዝገብ ላይ ሲታይ ምንም ላይመስል ይችላል። ከብቱ ላለቀበት፣ ወይም ከጦርነት ሸሽቶ በመጠለያ ላለ ቤተሰብ ግን የሕፃን ሕይወት ነው። ይህን ወተት በዚያ ወር የምትሰጥ ላም ሞቃቱ ቆላ፣ ክፉ ቀንና ረጅሙ መንገድ አበጥረው ያስቀሯት ናት። ለሚቀጥለው ትውልድ መትረፏም ዝናብ ሲጀምር ወደ ቡታና የሚወስደው መንገድ ክፍት ሆኖ በመቆየቱ ላይ ይወሰናል።